የከሰሏን ጣሳ የመለሰልኝ የጠባሴው ጋራዥ

ደብረ ብርሃን ጠባሴ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ጋራዥ አለ። ታፔላ የለውም። በተለይ ሞተር የተቀየረላት አሮጌ ቶዮታ የሚነዳና ቤንዚን ቤንዚን የሚሸትበት ሰው፣ ሌላ ቦታ ገንዘቡን ሳይጨርስ እዚያ ይሂድ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መኪናዬ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች ኮሮላ ናት። ያሻሻላት ወንድሜ ነው። 1.3 ሊትር ባለ ካርቡራተር ሞተሯን አውርዶ 1.6 ሊትር ፎር ኤ ኤፍ ኢ ኢንጀክሽን አስገባላት፣ ሞላዋን አሳጠረ፣ ማርሚታዋን ቀየረ። አሜሪካ ሲሄድ ለእኔ ተወልኝ። ሥራዬ ሸዋ ሮቢት፣ ቤተሰቤ ደብረ ብርሃን ስለሆነ በየሳምንቱ 95 ኪሎ ሜትር ወርጄ እወጣባታለሁ።

ባለፈው ዓመት ሚኒሞዋ፣ ማለትም መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ ያለው ዙር፣ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። የወሰድኳት ሌላ ጋራዥ ነበር፤ ስሙም ቦታውም ይቅር። ኮፈኑን ከፍተው አንዲት ጥቁር ጣሳ አሳዩኝ። ካኒስተር ትባላለች። «ሞተሩን የምታፍነው ይቺ ናት፤ ሞዲፋይ መኪና ላይ ምንም አትሠራም፣ ትነሳና ጉልበት ታገኛለች» አሉኝ። አመንኳቸው። ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ታንከሩ) የሚመጣውን ቱቦ በቡሎን ደፈኑት፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ቀዳዳ በቁራጭ ጎማ ሸፈኑት። 1,500 ብር ከፍዬ ወጣሁ። ጣሳዋን እዚያው መተዌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ነበር። በሁለተኛው፣ ከሸዋ ሮቢት ስወጣ ደብረ ሲና ሳልደርስ ሽታው መጣ። የጣርማ በር ዋሻ ጋ ስንደርስ ከኋላ የተቀመጠችው የ6 ዓመት ልጄ አስመለሳት። ያን ሁሉ ብርድ እያስገባሁ መስኮት ከፍቼ ነዳሁ። ደብረ ብርሃን ማደያ ስገባ፣ ቀጂው ልጅ ክዳኑን ላላ ሲያደርገው ሽሽ ብሎ ትነቱ ፊቱ ላይ ወጣበት። ወደ ኋላ ዘሎ «እትዬ፣ ይሄ ነገር ደህና አይደለም፣ አሳዪው» አለኝ። መኪናዋ የምታድረው ግቢ ውስጥ ነው፤ እናቴም ማታ ማታ እዚያው በረንዳ ላይ ከሰል ታቀጣጥላለች። የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ጠባሴ ሄድኩ። የጋራዡን ባለቤት ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚሏቸው። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት፣ «ልጄ፣ የሚሸትሽ ስትወጪ ነው ስትወርጂ?» አሉኝ። ስወጣ እንደሆነ ነገርኳቸው። ወዲያው የኋላውን ወንበር አነሱና ከሥሩ ያለውን የሰልባትዮ መክፈቻ አሳዩኝ። ጎማዋ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች፣ ዙሪያዋ በቤንዚን ወዝቷል።

ከዚያ ያስረዱኝን ሌላ ቦታ ሰምቼው አላውቅም። «እዚህ የባቄላ ንፍሮ ለምን ይዘገያል? ከፍታ ነው፤ አየሩ ሳስቶ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ቤንዚኑም እንደዚያው ነው» አሉ። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደብረ ብርሃን 2,840፤ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ያልፋል። ቆላ ፀሐይ ላይ ውሎ የሞቀ ቤንዚን ይዤ ስወጣ የውጭው ግፊት ይቀንሳል፣ ሰልባትዮው ውስጥ ያለው ትነት ይበዛል፣ ያብጣል። መውጫውን በቡሎን ደፍነውብኛል። ስለዚህ በደረቀችው ጎማ አልፎ ልጄ አፍንጫ ሥር ይወጣል። ትነቱ ውስጥ ቤንዚን የሚባል ካንሰር አምጪ ኬሚካል አለ፤ ስሙ ከነዳጁ ጋር ይመሳሰል እንጂ ሌላ ነገር ነው።

ጣሳዋ ውስጥ ያለው ከሰል ነው። የማንደጃው ዓይነት ሳይሆን እንደ ስፖንጅ ጥቃቅን ቀዳዳ እንዲኖረው ተደርጎ የተዘጋጀ። መኪና ሲቆም ከሰልባትዮው የሚመጣውን ትነት ይዞ ያስቀምጣል፤ ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ ንጹሕ አየር በከሰሉ ውስጥ አልፎ ትነቱን ይዞ ወደ ሞተሩ ይሳባል፣ እዚያ ይቃጠላል። ሞተር የሚያፍን ነገር የለውም። የሚኒሞው ችግር ከመጀመሪያውም የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ነበር። እነዚያ የሸፈኑበት ቁራጭ ጎማም ተሰንጥቆ አየር እያስገባ አገኙት፤ በአንዱ ቀዳዳ ላይ ሁለተኛ ጨምረውልኛል ማለት ነው።

በጣም የወደድኩት የቫልቩን ምርመራ ነው። በጣሳዋና በሞተሩ መካከል፣ ሞተሩ ሲሞቅ የሚከፍት ሲበርድ የሚዘጋ ቫልቭ አለ። ጋሼ ፈትተው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከሩትና በቱቦ እንድነፋ ሰጡኝ፤ አላሳልፍ አለ። ከጎረቤት ቡና ቤት የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ አስመጥተው እንደገና ነከሩት። አሁን ስነፋ አለፈ። «ይሄ ደህና ነው፣ አትግዢ» አሉኝ። ዝም ቢሉኝ እኮ እገዛው ነበር።

የማልደብቀው ጉድለትም አላቸው። አንድ ቀን ይበቃል ተብሎ አራት ቀን ፈጀ። ካኒስተሩ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ በአውቶቡስ ነው የመጣው፤ የመጀመሪያውን ሲነቀንቁት የከሰል ፍርፋሪ ስለረገፈ መልሰው ላኩት። መመለሳቸው ትክክል ነው፣ ግን ስልክ ደውለው አልነገሩኝም፤ ሁለት ቀን በከንቱ ተመላለስኩ። ደረሰኝም የጻፉልኝ ስጠይቅ ነው።

ያገለገለ ካኒስተር 4,200፣ ቱቦና ፋሼታ 900፣ የሰልባትዮው ጎማ 350፣ የእጅ 2,500፤ ባጠቃላይ 7,950 ብር። ለማስነሳት ከከፈልኩት ከአምስት እጥፍ ይበልጣል።

ወንድሜ ያለው ካሊፎርኒያ ነው። ስነግረው አዘነብኝ። እዚያ በፈረንጆቹ ከ1970 ሞዴል ጀምሮ፣ በመላው አሜሪካ ደግሞ ከ1971 ጀምሮ ግዴታ የሆነ ዕቃ ነው፤ ከቤንዚን የሚወጣው ትነት ፀሐይ ሲመታው ከተማውን በጭስ ስለሸፈነባቸው። ዛሬም የጭስ ምርመራ ላይ ጣሳዋ ከሌለች መኪናው ይወድቃል። እኛም የቤንዚን መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያሉንን አሮጌዎች ነው ይዘን የምንቆየው፤ አካል አካላቸውን እያነሳን የት እንደርሳለን?

ሦስት ወር ሆነኝ። ዋሻው ጋ መስኮት ዘግተን እናልፋለን፤ ልጄ ትተኛለች። ጉልበቷን ለሚጠይቀኝ፣ የጣርማ በርን ዳገት ጣሳዋ ሳትኖርም በሁለተኛ ማርሽ ነበር የምወጣው፣ አሁንም በሁለተኛ ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ወረፋው ብዙ ነው። መጠበቂያ ክፍል ስለሌለ ጋቢ ያዙ። እሁድና በበዓል ዝግ ነው።