ግዴታ ያለበት የሥራ አጥነት ድጎማ ወይስ ያለ ግዴታ የሚሰጥ መሠረታዊ ገቢ? የፊንላንድ ሙከራ

ሥራ ላጣ ሰው ገንዘብ መስጠት የመሥራት ፍላጎቱን ያዳክማል የሚለው ሥጋት በብዙ አገሮች ሥር የሰደደ ነው፤ ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ እስከ 2018 መጨረሻ ያካሄደችው ሙከራ ግን ይህን ሥጋት በተግባር ለመመዘን አስችሏል።

በወቅቱ በአገሪቱ በነበረው የተለመደ አሠራር ሥራ አጡ ድጎማ ያገኝ የነበረው ሥራ ፈላጊ ሆኖ ተመዝግቦ የቀረበለትን ሥራ ወይም ሥልጠና ያለ በቂ ምክንያት እስካልተቃወመ ድረስ ሲሆን፣ ከተወሰነ መጠን በላይ ገቢ ካገኘም ድጎማው ይቀነስበት ነበር። በሙከራው ግን ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 58 ዓመት የሆኑ በዕጣ የተመረጡ 2,000 ሥራ አጦች በወር 560 ዩሮ ያለ ምንም ግዴታ ተከፈላቸው፤ ሥራ ቢያገኙም ክፍያው አልተቋረጠባቸውም።

እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2017 እስከ ጥቅምት 2018 ባለው ጊዜ እነዚህ ሰዎች በአማካይ 78 ቀን ያህል ሲሠሩ፣ በተለመደው ድጎማ የቆዩት 73 ቀን ገደማ ሠርተዋል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በዚያው በ2018 መንግሥት የድጎማ ግዴታዎችን ስላጠበቀም ልዩነቱ በሙሉ የመሠረታዊ ገቢው ውጤት ነው ማለት አይቻልም። ለእኔ ይበልጥ ክብደት ያለው ቁም ነገር የተፈራው ስንፍና አለመታየቱና፣ በመጠይቁ የተሳተፉት የገንዘቡ ተጠቃሚዎች አነስተኛ የአእምሮ ጫናና በሰዎችም ሆነ በተቋማት ላይ የላቀ እምነት እንዳላቸው መግለጻቸው ነው።

የግዴታው ሥርዓት ጥንካሬ በወጪው በኩል ይታያል፤ መሠረታዊ ገቢን ለሕዝቡ በሙሉ ለማዳረስ የግብር ሥርዓቱን እንደ አዲስ ማዋቀር ያስፈልጋል።