የጃፓን ጃዝ ኪሳ ወይስ የጃማይካ ሳውንድ ሲስተም?

ቤቱ ጥሩ ስፒከር የሌለው ሰው ጥሩ ሳውንድ የት ይስማ? እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጃፓን ውስጥ ከውጭ የሚገባ የጃዝ ሸክላ ዋጋው እሳት ስለነበር ተማሪው ጃዝ ኪሳ የሚባል ቡና ቤት ይገባና በአንድ ስኒ ቡና ሂሳብ ለሰዓታት ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር፣ ግን ብዙዎቹ ጋ ማውራት ክልክል ነበር፣ ቤተክርስቲያን በለው። የጃማይካ ዋና ከተማ ኪንግስተን ደግሞ በዛው ዘመን ሬዲዮና ማጫወቻ የሌለው ህዝብ ሞልቶ ስለነበር እነ ዱክ ሬድና ኮክሰን ዶድ የሚባሉ የሳውንድ ሲስተም ባለቤቶች ቁም ሳጥን የሚያህል ስፒከር ደጅ ላይ ደርድረው ሰፈሩን ያስጨፍሩ ነበር፣ ዱክ ሬድማ የመጠጥ ሱቅም ስለነበረው ከመጠጡም ያገኛል😂

እኔን የገረመኝ ግን ይሄ ነው፦ ኪሳው የሚጫወተውን ሸክላ ሽፋን ሁሉም እንዲያየው ፊት ለፊት ያቆመዋል፣ ኪንግስተኖቹ ግን ተፎካካሪ ዘፈኑን እንዳያውቅባቸው የሸክላውን ሌብል ፍቀው ያጠፉት ነበር!

ለጆሮ ኪሳው ይሻላል፣ የሲምባሉ ጫፍ ሳይቀር ይሰማሃል። "ለሁሉም" ከተባለ ግን እኔ ኪንግስተን ነኝ፣ ቤዙ ሳይከፍል አጥር ስር የቆመውንም ደረቱን ይመታዋል፣ እኛ ጋም ካሴት ቤቶች ስፒከር በር ላይ አውጥተው መንገደኛውን በነፃ ሲያዘፍኑት አልነበር?