ከግጭት በኋላ ሞተሩን ማስጠገን ወይስ መቀየር?

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ላይ የተጋጨ መኪና ተጎትቶ ድሬዳዋ ጋራዥ ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፦ ራዲያተሩ ከፈሰሰ በኋላ ሞተሩ ሠርቷል? ወዲያው ከጠፋ ማስጠገን ያዋጣል። ግሎ እያለ ከተነዳ የአሉሚኒየም ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሊጣመም ይችላል፤ ይላጋል፣ ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ይቀየራል። ይህም ቢሆን ጥገና ነው፣ አትደንግጡ።

ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ከተሰነጠቀ ግን ብየዳውን እኔ አላምነውም። በድሬ ሙቀት፣ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ያን ዳገት ሽቅብ የሚወጣ ሞተር ነው! ያኔ መቀየር ይሻላል። ያገለገለ ሞተር ስትገዙ ሲሠራ ሳታዩ ብር አትክፈሉ፤ የዘይት ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ፣ ወተት የመሰለ ዝቃጭ ካለ ውሃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። የተቀየረው የሞተር ቁጥርም ሊብሬው ላይ ይስተካከል፤ አለበለዚያ መኪናውን ስትሸጡ ትቸገራላችሁ።