ባለ ሦስት ደረጃው የብር ውሃ ማሽን፣ ከወራት በኋላ

ስለዚህ የኮሎይዳል ሲልቨር ማሽን (በሁለት የብር ዘንጎች መካከል ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ውሃ ውስጥ ደቃቅ የብር ቅንጣቶችን የሚያስገባ ዕቃ) ብዙ የምለው የለኝም፣ ስለ ማዞሪያው ግን አለኝ። «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» ይላል። ምኑ ነው ዝቅተኛ? ሚሊአምፒር (የከረንት፣ ማለትም የሚፈሰው ኤሌክትሪክ መለኪያ) የሚል ቃል ሳጥኑ ላይም መመሪያው ላይም የለም። መልቲሜትር አገናኝቼ ስለካው ነው ነገሩ የገባኝ፦ ማዞሪያው የሚቀይረው ቮልቱን ነው እንጂ ከረንቱን አይደለም።

ይሄ ቀላል ጉድለት አይደለም። እዚህ አሜሪካ ግሮሰሪ ውስጥ በጋሎን የሚሸጠው ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ መጀመሪያ ላይ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ከረንቱ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ብሩ እየሟሟ ሲገባበት ግን ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ቮልቱን የሚቀንስለት ከሌለ ከረንቱ ይወጣል፣ ከረንቱ ሲወጣ ብሩ ይበልጥ ይሟሟል፣ እንዲህ እያለ ልጓም እንደሌለው ፈረስ ይጋልባል። አንደኛው ዘንግ ላይ ጥቁር ጭገር ይበቅላል፣ ከሥር ዝቃጭ ይተኛል፣ ውሃውም ይጠቁራል።

ሻጩን ስጠይቀው «ቶሎ እንዲያልቅልህ ከፍተኛው ላይ አድርገው» አለኝ። ማን ቸኮለ ወንድሜ? የፊዚክስ ሊቁ ፋራዳይ ሕጉን ካወጣ ስንት ዘመኑ ነው፤ 1 ሚሊአምፒር በአንድ ሰዓት ውስጥ 4 ሚሊግራም ገደማ ብር ያሟሟል። 10 ሚሊአምፒር ለ15 ደቂቃ ከሠራ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ቢበዛ 10 ሚሊግራም ይገባል፣ ጥቂቱም ሌላው ዘንግ ላይ ይቀራል። ከረንቱ ከታወቀ ስሌቱ ይሄው ነው። ካልታወቀ ግን ማሸጊያው ላይ የተጻፈው «20 ፒፒኤም» (በሊትር 20 ሚሊግራም እንደማለት) ወሬ ነው። ጭራሽ «ካልጀመረልህ ጨው ጣል አድርግበት» ይላል! ጨው ከገባበትማ የሚወጣው ሲልቨር ክሎራይድ ነው፣ ነጭ ድፍርስ።

እኔ ክዳኑን ፈትቼ አንድ ኤልኤም 317 (ከረንቱን አንድ ልክ ላይ የሚይዝ ትንሽ ቺፕ) እና 125 ኦም ሬዚስተር ጨመርኩበት። የቺፑ 1.25 ቮልት ለ125 ሲካፈል 0.01 አምፒር፣ ማለትም 10 ሚሊአምፒር። ርካሽ ዕቃ ነው፣ ፋብሪካው ምን ነካው? ከዚያ በኋላ ውሃው ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፣ ሌዘር ሲበራበትም ጨረሩ ውስጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልጄ ኤሌክትሮሊሲስን በዓይኗ እንድታይ ነበር የገዛሁት፣ ለዚያስ አልከፋኝም።

«ታዲያ ትንሽ ቅዳልኝ» ለምትሉኝ ዘመዶቼ፦ አልቀዳም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኤፍዲኤ በ1999 ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የኮሎይዳል ሲልቨር መድኃኒቶች ደኅንነታቸውም ፈዋሽነታቸውም የታወቀ አይደለም ብሎ ወስኗል። ብር ሰውነት ውስጥ ሲከማች ቆዳን ግራጫ ሰማያዊ ያደርጋል፣ አርጂሪያ ይባላል፣ አይለቅም። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 0.1 ሚሊግራም ነው፤ ከእኔ ማሽን የሚወጣው መቶ እጥፍ ገደማ ነው። እና ይሄን ከጉንፋን እስከ ስኳር ያድናል ብሎ ወረቀት የሚበትን ሰው አያፍርም?

ልሽጠው ወይ ብዬ አስቤ ነበር። ዘንጎቹ ጥሩ ስለሆኑ ተውኩት፣ አሁንማ የኤሌክትሪክ ዑደቱን እኔ ስለሠራሁት የራሴ ይመስለኛል። ሻጩ ደግሞ ባለ አምስት ደረጃ አዲስ ሞዴል መጥቷል ብሎ ጻፈልኝ። እያንዳንዱ ደረጃ ስንት ሚሊአምፒር ነው ብዬ መለስኩለት። ዝም አለ።