ፑንቲና ያለው ሆንዳ ሲጂ 125፦ የዘጠኝ ወር አገልግሎቱ እና የማርሚታው ድንገተኛ ተኩስ

ይህን ሆንዳ ሲጂ 125 ባለፈው መስከረም ገዝቼ እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ ጎንደር ውስጥ ከማራኪ ወደ አዘዞ ለሥራ ስመላለስበት ቆይቻለሁ። ሞዴሉ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። አንድ ፒስተን ያለው የ124 ሲሲ ሞተሩ የታይሚንግ ሰንሰለት የለውም፤ ቫልቮቹ በዘንግ እየተገፉ ይከፈታሉ፤ ለረጅም ዘመን ያለ ብዙ ጥገና የሚያገለግለውም አሠራሩ እንዲህ ቀላል ስለሆነ ነው። የእኔው የካንዴላውን (ነዳጁን የሚለኩሰውን ዕቃ) እሳት በፑንቲና፣ ማለትም እየተከፈተና እየተዘጋ ኤሌክትሪኩን በሚቆርጥ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ከሚያገኙት ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ቅሬታ አልነበረኝም። በአንድ ሊትር ቤንዚን ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶልኛል፤ በብርድ ጠዋትም ከሁለተኛው ርግጫ አያልፍም። የፊት ፍሬኑ ብቻ ቁልቁለት ላይ ጠንከር ያለ እጅ ይፈልጋል። በየካቲት አንድ ምሽት ግን ከአዘዞ ወደ ከተማ ዳገቱን ስወጣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ምንም ምልክት ሳያሳይ እንደ ጠመንጃ ተኮሰ። በመንገዱ ዳር ጉሊት ዘርግታ ቲማቲም ትሸጥ የነበረች ሴት ልጇን ወደ ጉያዋ ስባ መሬት ላይ ዝቅ አለች። ሞተሩን አጥፍቼ ይቅርታ ስጠይቃት፣ «ወንድሜ፣ ይህ ድምፅ ለእኛ ቀላል አይደለም፤ እባክህ አሠራው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ምክንያቱን እስካገኝ ድረስ ሰው በሚበዛበት መንገድ ላለመንዳት ወሰንኩ።

አንድ ወር የባከነብኝ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተሩን በመጠርጠር ነው። ያየው መካኒክ፣ ጎንደር ከፍታ ላይ ስላለች ነዳጁ ይሳሳል ብሎ ቅልቅሉን አወፈረው፤ ተኩሱም ባሰበት። እውነታው ተቃራኒው ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ነዳጅ ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም። ደግሞስ ለወራት በደንብ የሠራ ቅልቅል፣ ቆሻሻ ካልዘጋው በቀር፣ በአንድ ምሽት እንዴት ይለወጣል? ካርቡሬተሩን ፈትቼ ሳየው ንጹሕ ነበር፤ የቫልቮቹም ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ በሚፈለገው 0.08 ሚሊ ሜትር ላይ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ድምፁን በጥሞና ከሰማሁ በኋላ ነው፤ ለካስ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ጋዝ ዘግቼ ቁልቁለት ስወርድ የሚሰማ፣ ተከታታይና ቀለል ያለ ፍንዳታ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ማርሚታው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አየር ገብቶ የተረፈውን ነዳጅ ሲያቃጥለው ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ መገጣጠሚያውን የሳሙና ውኃ ቀብቼ ሳስነሣው አረፋው በአንድ በኩል ኩፍ ኩፍ አለ። በመገጣጠሚያው መካከል ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ስለውጠው ቀለል ያለው ድምፅ ከሞላ ጎደል ጠፋ።

ዳገት ላይ ጋዝ እየሰጠሁ ሳለ የሚመጣው ከባዱ ተኩስ ግን አልለቀቀኝም። እሱ የሚጀምረው ከሃያ ደቂቃ ጉዞ በኋላ፣ ሞተሩ ሲግል ብቻ ነበር። ይህ ወደ እሳቱ መራኝ፤ ካንዴላው አንድ ዙር ሲስት ያልተቃጠለው ቅልቅል ወደ ጋለው ማርሚታ ያልፍና እዚያ ይፈነዳል። ማታ መብራት አጥፍቼ፣ የማግኔቱን ክዳን ከፍቼ፣ ገና እንደጋለ ሞተሩን በርግጫ ሳዞረው ፑንቲናው በተከፈተ ቁጥር ደማቅ ሰማያዊ ብልጭታ በመካከሉ ይዘል ነበር። የፑንቲናው አንዱ ፊት ተቦርቡሮ፣ ሌላው ላይ ትንሽ ጉብታ በቅሎ አገኘሁት። ይህ የኮንደንሰር ሕመም ነው፤ ኮንደንሰሩ ፑንቲናው ሲከፈት ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ ብልጭታውን ካላስቀረ፣ የኤሌክትሪኩን ኃይል ከፍ የሚያደርገው ቦቢና ለካንዴላው የሚበቃ ኃይል አይሰጥም። የሚያሳዝነው ኮንደንሰሩን በጥር ከአንድ መለዋወጫ ሱቅ አዲስ ገዝቼ ያስገጠምኩት መሆኑ ነው። አዲስ ነው ብዬ ስላመንኩት የጠረጠርኩት ከሁሉም በኋላ ነው፤ የጥገናዬ ትልቁ ስሕተትም ይኸው ይመስለኛል። ድንገት የመጣ ብልሽት ሲገጥም መጀመሪያ መታየት ያለበት በቅርቡ የተነካው ዕቃ ነው።

ኮንደንሰሩንና ፑንቲናውን አብሬ ለወጥኩ፤ ክፍተቱን በ0.35 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላውን ደግሞ በ0.6 እና በ0.7 መካከል አደረግኩ። የፑንቲና ክፍተት ሲነካ እሳቱ የሚመጣበት ጊዜም ስለሚዛባ፣ በማግኔቱ ላይ ያለውን፣ እሳቱ መምጣት ያለበትን ቦታ የሚያሳየውን የ«ኤፍ» ምልክት ሳላመሳክር ክዳኑን አልዘጋሁም።

ከሚያዝያ መጀመሪያ ወዲህ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቼ ከባዱ ተኩስ አልተመለሰም። ይህን ሞተር ዛሬም ብሆን እገዛዋለሁ፤ ነገር ግን በየሦስት ወሩ ፑንቲና የመክፈት ትዕግሥት የሌለው ሰው ያለ ፑንቲና የሚሠሩትን የኋለኞቹን ቢመርጥ ይሻለዋል። ወደ አዘዞ ስወርድ ጋዙን ጨርሶ ከዘጋሁት አልፎ አልፎ አንድ ቀጭን ድምፅ አሁንም ይሰማኛል። የማርሚታው አንገት ብሎኖች ከሙቀት በኋላ እየላሉ ስለሆነ፣ ክረምቱ ሳይገባ ሁለቱንም እለውጣቸዋለሁ።