«ካሪ» ወይስ «ሬድ ድራገን»? በልጅነት ስለተበደለ ገዳይ ለማንበብ

ሁለቱም ልብወለዶች ናቸው፤ የስቲቨን ኪንግ «ካሪ» በ1974 እ.ኤ.አ.፣ የቶማስ ሃሪስ «ሬድ ድራገን» በ1981 ወጡ።

ርዝመት፦ «ካሪ» አጭር ናት፣ በሁለት ምሽት ታልቃለች። «ሬድ ድራገን» ጊዜ ይፈልጋል።

አነባበብ፦ ኪንግ ታሪኩን በጋዜጣ ዜናና በምስክሮች ቃል ቆራርጦ ስለሚያቀርበው መጀመሪያ ግር ይላል። የሃሪስ እንደ ወንጀል ምርመራ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

በደሉና በቀሉ፦ ካሪን እናቷ «ጸልዪ» እያለች ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆልፍባታለች፣ የትምህርት ቤት ልጆች ይሳለቁባታል። በመጨረሻ የአሳማ ደም ሲያፈሱባት ቁጣዋ በዳይና ንጹሕ አይለይም፤ ያም ሆኖ ከየት እንደመጣ እናያለን። የሃሪሱ ዶላርሃይድ አልጋ ላይ በመሽናቱ አያቱ በመቀስ እያስፈራራች ያሳደገችው ነው። አድጎ የሚገድለው ግን ምንም ያላደረጉትን ቤተሰቦች ነው። እኔን ከደሙ በላይ ያስፈራኝ ይህ ነው።

አንጀት የሚበላ፣ ቶሎ የሚያልቅ ታሪክ ለፈለገ «ካሪ»። መርማሪው ገዳዩን እንዴት እንደሚከታተል ማየት ለሚወድና ሌሊት ብቻውን ለማያድር «ሬድ ድራገን»። የራሱ የልጅነት ቁስል ገና ያልሻረለት ሰው ግን ሁለቱንም ቢያቆያቸው እመርጣለሁ።