የዶርም አንሶላ፦ ከቤት መያዝ ወይስ ከዩኒቨርሲቲው መከራየት?

አሜሪካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለክረምት ትምህርት ዶርም የሚያስገቡ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጊዜ አልጋና ፍራሽ እንጂ አንሶላ አይሰጡም። አንሶላውን ከቤት መያዝ ወይም መከራየት የግድ ነው።

ከቤት ለሚይዝ ዋናው ነገር ልኩ ነው። የዶርም ፍራሽ አብዛኛውን ጊዜ «ትዊን ኤክስኤል» የሚባለው ባለ 38 በ80 ኢንች ነው። የተለመደው ትዊን ርዝመቱ 75 ኢንች ብቻ ስለሆነ፣ ባለ ላስቲኩ አንሶላ ተጎትቶ ቢገባ እንኳ ሌሊት ከአንዱ ጥግ ሹልክ ይላል፤ ልጁም በሚያላብ የፕላስቲክ ልባስ ላይ ያድራል። ስትገዙ ማሸጊያው ላይ 80 የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። አዲስ የጥጥ አንሶላ ሲታጠብ ሊሰበሰብ ስለሚችል ቀድማችሁ እጠቡት።

ኪራዩ ከልክ ጭንቀት ይገላግላል፤ ሻንጣም አይሞላም። ግን የማዘዣው ቀን ካለፈ ላይገኝ ይችላል። ከኪራዩ ጋር የሚመጣው ብርድ ልብስም ብዙውን ጊዜ ስስ ነው፤ የአየር ማቀዝቀዣው ከክፍሉ የማይስተካከል ሕንፃ ውስጥ ሌሊቱ ይበርዳል። ለዚህ ጋቢን የሚያህል የለም። ሲረከቡ ፎጣና ትራሱን መቁጠር ደግ ነው፤ የጎደለ ዕቃ ሊያስከፍል ይችላል።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ለሚመጣ ተማሪ ያለማመንታት ኪራዩን እንመርጣለን። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ካሉት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ በመኪና ለሚደርስ የቤቱ ይሻላል፤ ቆይታው ስድስት ሳምንት ከሆነ ሁለት ቅያሪ ይያዝ።